የቢሮ ህንጻ መብራት ቁጥጥር፦ ዳሊ፣ 0-10 ቮልት ወይስ ሴንሰር ብቻ?

ፎቅ_6፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ ባለ 6 ፎቅ የቢሮ ህንጻ ነው። መብራቱ በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ተቀይሯል፤ ግድግዳ ላይ ካለው ማብሪያ ማጥፊያ በስተቀር ግን ቁጥጥር የሚባል ነገር የለውም። በየፎቁ ያለው ክፍት ቢሮ 96 ፓነል አለው (60 በ60፣ እያንዳንዱ 36 ዋት)። 6 ረድፍ ነው፣ በረድፍ 16። መስኮት በሁለቱም ረጃጅም ጎኖች አለ። ማብሪያዎቹ 3 ናቸው፤ እያንዳንዱ የቢሮውን አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ከመስኮት እስከ መስኮት ያለውን 32 ፓነል ያበራል። ለእያንዳንዱ ማብሪያ አንድ ቢ 10 አምፔር ብሬከር አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ይበራል፣ ምሽት 3 ሰዓት ጽዳት ሲያልቅ ይጠፋል። ሠራተኛው ግን በብዛት እስከ 12 ሰዓት ወጥቶ ያልቃል። በዓመት 300 ቀን ገደማ ይሠራል። ከዚህ ሌላ በየፎቁ 4 የስብሰባ ክፍል፣ ኮሪደር፣ 2 መጸዳጃ ቤት፤ ደረጃዎች፤ ምድር ቤት ደግሞ መኪና ማቆሚያ አለ።

አንድ ፎቅ ላይ ለሙከራ ሴንሰር ተገጥሞ ጣጣው በዛ። ቢሮው ውስጥ ሰው ተቀምጦ እየሠራ መብራቱ ይጠፋል። ኮሪደሩ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ማንም ሳያልፍ ይበራል። ጠዋት ሲበራ አንዱ ብሬከር አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ሲመልሱት ይይዛል። አንዱ የቢሮው ክፍል ላይ ደግሞ ሰው ባይኖርም መብራቱ ጨርሶ አይጠፋም።

ተቋራጩ «ችግሩ ሴንሰር ብቻ ስለሆነ ነው፣ ሙሉ ዳሊ (እያንዳንዱን መብራት በዲጂታል ትዕዛዝ የሚያዝ ሥርዓት) ይግባ» እያለ ነው። እውነት ይህ ይፈታዋል? ካልሆነስ ከየት ይጀመር?


ፌዝ_ኒውትራል፦

ከእነዚያ አራት ችግሮች አንዱም «ዳሊ ስለሌለ» የመጣ አይደለም። በየተራ እንያቸው።

ሰው ተቀምጦ የሚጠፋው ሴንሰሩ ፒአይአር ከሆነ ነው። ፒአይአር የሚያየው ሙቀት ያለው አካል ከአንዱ የሌንሱ ክፋይ ወደ ሌላው ሲሻገር ብቻ ነው። የሚራመድ ሰው ብዙ ክፋይ ያቋርጣል፤ ኪቦርድ የሚነካ ሰው ግን እጁ ከአንድ ክፋይ ላይወጣ ይችላል። ብሮሹሩን ብታየው ሁለት ክብ ተስሎበታል፤ ትልቁ ለሚራመድ፣ ትንሹ ለተቀመጠ ሰው። ተቋራጭ የሴንሰሩን ብዛት የሚያሰላው አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ ነው፤ ቁጥሩ ያንስለታላ! ለመራመድ 8 ሜትር ዲያሜትር የተባለ ሴንሰር የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ሜትር ክብ ውስጥ ብቻ ነው። ለቢሮ በትንሹ ክብ ቁጠር፤ ክቦቹም ጠርዝ ለጠርዝ ይደራረቡ። ፒአይአር በመስታወት ውስጥ አያይም፣ ከከፍተኛ ፓርቲሽን ጀርባም አያይም። የክፍሉ ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋም ይደክማል። የማጥፊያ መዘግየቱንም እየው፤ ለሙከራ ጥቂት ሰከንድ ላይ አድርገውት እዚያው ረስተውት የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ለቢሮ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን።

ኮሪደሩ ላይ ያለው ማይክሮዌቭ ሴንሰር ይመስለኛል፣ 5.8 ጊጋኸርዝ የሚሠራው። እሱ በመስታወት፣ በእንጨት በርና በጂፕሰም ግድግዳ አልፎ ያያል። ስለዚህ ጎረቤት ክፍል ውስጥ ወንበር የሚያዞር ሰውም፣ በፕላስቲክ ቱቦ የሚወርድ ውሃም፣ ሊፍትም ያስነሳዋል። ጎኑ ላይ ባሉት ትናንሽ ዲፕ ስዊቾች የማየት ርቀቱን ወደ 50 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች አውርደው። ካልበቃው ለኮሪደር በተሠራ ባለ ረጅም ሌንስ ፒአይአር ቀይረው። ፒአይአር ሆኖም ያለ ሰው የሚበራ ከሆነ ከአየር ማስወጫ ቢያንስ 1.5 ሜትር አርቀው፤ ሞቃት አየር ሲነፍስበት ሰው ይመስለዋል። የቢሮ በር ውስጥ እያየ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ሌንሱ ላይ የሚለጠፍ መከለያ አብሯቸው ይመጣል፤ ከሌለ በዚያ በኩል ያለውን ሌንስ በኤሌክትሪክ ቴፕ መሸፈን ይቻላል።

ብሬከሩ። 32 ድራይቨር (ለየፓነሉ ኤልኢዲ ኃይል የሚያዘጋጀው መሣሪያ) በ36 ዋት 1152 ዋት ነው፤ በ230 ቮልት 5 አምፔር። 10 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም። የሚጥለው የመነሻ ከረንት ነው። በየድራይቨሩ ያለው ካፓሲተር ባዶ ሆኖ ሲበራ ለጥቂት መቶ ማይክሮሰከንድ 20 ወይም 30 አምፔር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይስባል። 32ቱ በአንድ ቅጽበት ሲስቡ፣ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ላይ የሚቆርጠው ቢ ብሬከር አይታገስም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሆነው ማብሪያው የቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲዘጋ እንጂ ዜሮ አካባቢ ሲዘጋ ስለማይወርድ ነው። የድራይቨሩ ዳታ ሺት ላይ «በአንድ ብሬከር ስንት ድራይቨር» የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ ለቢ 10 የሚለውን ቁጥር ተመልከትና ከ32 ጋር አወዳድረው። ወደ ሲ ብሬከር ቀይረው የሚሉህ ይኖራሉ። ሲ እስከ 10 እጥፍ ይታገሳል፤ ያ ማለት የመስመሩ ጫፍ ላይ ሾርት ሲፈጠር 100 አምፔር ካላለፈ ወዲያው አይቆርጥም። የፎልት ሉፕ ኢምፔዳንሱን (ሾርት ሲፈጠር ከረንቱ የሚዞርበትን መንገድ ተቃውሞ) ሳትለካ አትቀይረው።

የማይጠፋው መብራት የዚሁ ከረንት ሁለተኛ ሥራው ነው። ሴንሰሩ ላይ «10 አምፔር» ተብሎ የተጻፈው ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት ነው፤ ከሥሩ በትንሹ ለኤልኢዲ 200 ወይም 400 ዋት ይላል። በየማብራቱ ብልጭታው የሪሌውን (ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) ኮንታክት ያቀልጠውና በመጨረሻ ይጣበቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የማጥፊያ ሰዓቱ ሲደርስ ሴንሰሩ ሥር ቆመህ ስማ። ቀጭ ብሎ መብራቱ እንደበራ ከቀረ ኮንታክቱ ተጣብቋል። ሴንሰሩን ቀይረህ በቀጥታ 32 ፓነል አታሸክመው፤ ሴንሰሩ ኮንታክተር (ትልቅ ጭነት የሚችል ማብሪያ) ወይም ለካፓሲተር ጭነት የተሠራ ሪሌ ብቻ ያዝዝ። እንዲህ ያለው ሪሌ ላይ 165 አምፔር ለ20 ሚሊሰከንድ የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛለህ።


ዳሊ_ባስ፦

ፌዝ_ኒውትራል ያለው ልክ ነው፤ ግን ዳሊን ለመጣል አትቸኩሉ። ሪሌ የሚበላው በየቀኑ ሃያ ጊዜ ከረንት ስለሚቆርጥና ስለሚዘጋ ነው። ዳሊ ላይ ድራይቨሩ ኃይሉ ሳይቋረጥ በትዕዛዝ ነው የሚጠፋው፤ የመነሻ ከረንት የሚመጣው መስመሩ ሲነሳ ብቻ ነው።

ለ96 ፓነል የሚያስፈልገው እንዲህ ነው። አንድ የዳሊ መስመር 64 ድራይቨር፣ 16 ግሩፕና 16 ሲን (ቀድሞ የተቀመጠ የብርሃን አቀማመጥ) ይይዛል። 96ን ለሁለት መስመር 48፣ 48 አድርገህ ክፈል፤ 64 እና 32 አድርገህ የመጀመሪያውን እስከ አፉ አትሙላው፣ ነገ የሚጨመር ፓነል አድራሻ ያጣል። ድራይቨር ከመስመሩ 2 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ 48ቱ 96 ይሆናሉ። ሴንሰሮች ግን ከዚህ በላይ ይበላሉና እያንዳንዳቸውን ከዳታ ሺታቸው ደምር። የአንድ መስመር ጣሪያ 250 ሚሊአምፔር ነው። የባሱ፣ ማለትም የዳሊ መስመሩ፣ ፓወር ሰፕላይ አነሰ ተብሎ ሌላ ጎን ለጎን አይሰካም፤ ሁለቱ ተደምረው 250 ካለፉ ድራይቨር መልእክት ለመላክ መስመሩን ሾርት ሲያደርግ የሚያልፍበት ከረንት ይበዛና ይቃጠላል።

ገመዱ በ1.5 ሚሊሜትር ካሬ እስከ 300 ሜትር ይሄዳል፣ በ0.75 ደግሞ 150። ከዚህ ቢበልጥ የቮልቴጅ መውደቁ ከ2 ቮልት ያልፍና ጫፍ ያሉት ፓነሎች አንዳንዴ ይሰማሉ አንዳንዴ አይሰሙም። ፕላስ ማይነስ የለውም፤ ቅርንጫፍ እያደረጉ መዘርጋት ይቻላል፣ ዙሪያ ገጥሞ መዝጋት ግን አይቻልም። ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ኧርዝና ሁለቱ የዳሊ ሽቦዎች በአንድ ባለ 5 ኮር ኬብል ይሄዳሉ። ይሄው ምቾቱ አደጋም አለው፦ 16 ቮልት ስለሆነ እንደ ስልክ ሽቦ የሚቆጥሩት አሉ። የዳሊ መስመር መከለያው ለንክኪ ደህንነት በቂ ተደርጎ አይወሰድም፤ ከዳታ ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ አይገባም፣ ሲነካም እንደ 230 ቮልት ነው የሚያዘው።

ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት በመልቲሜትር ለካ። ሁለቱ ሽቦዎች መሃል 16 ቮልት ዲሲ ገደማ ከሆነ ደህና ነው፤ ዜሮ ከሆነ አንድ ቦታ ተነካክቷል ወይም ፓወር ሰፕላዩ የለም። 230 ካሳየህ አንዱ ፓነል ላይ ፌዙን ዳሊው ጉሮሮ ውስጥ ከተውታል፤ ወዲያው አጥፋ።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ልጨምር። የዳሊ ደረጃ ከ0 እስከ 254 ነው፤ ግማሹ 127 ነው ብላችሁ ከላካችሁ መብራቱ 50 ከመቶ አይሆንም፣ 3 ከመቶ ገደማ ነው የሚሆነው። ኩርባው የዓይንን ስሜት ተከትሎ የተሠራ ሎጋሪዝም ነው። 50 ከመቶ የሚሰጠው 229 ነው፤ 10 ከመቶ ደግሞ 170። ከህንጻ አስተዳደር ሲስተም ጋር የሚያገናኘው ሰው ይህን ካላወቀ ቢሮው ጨለማ ይሆንና ጥፋቱ ወደ ድራይቨር ይዞራል።

0-10 ቮልትን (ብርሃኑን በሽቦ በሚላክ ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚያዝ ሥርዓት) በተመለከተ፦ ለአዲስ ሥራ አልመክርም። ግሩፑ የሚወሰነው በሽቦው ስለሆነ ነገ ፓርቲሽን ሲቀየር ኮርኒስ መክፈት ነው። ፕላስና ማይነስ አለው፤ አንዱ ፓነል ላይ ቢገለበጥ የዚያ ግሩፕ ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ብርሃን ይወርዳል፣ ጥፋተኛውን ለማግኘትም አንድ በአንድ መንቀል ነው። ሽቦው ሲቆረጥ ሁሉም ሙሉ ይበራሉ። ብዙዎቹ ድራይቨሮች ወደ ዜሮ ሲወርዱ ይደበዝዛሉ እንጂ አይጠፉም፣ ለማጥፋት ሪሌ ያው ያስፈልጋል። የተለያየ ፋብሪካ ድራይቨር ከተቀላቀለ በ5 ቮልት አንዱ ደመቅ ሌላው ፈዘዝ ብሎ ዓይን ያስቀይማል።


ሉክስ_ሜትር፦

ዳሊ_ባስ የጻፈው ቴክኒኩ እንከን የለውም። ግን ጠያቂው ያለው ድራይቨር ማብራት ማጥፋት ብቻ የሚችል ከሆነ ዳሊ ማለት 576 ድራይቨር መቀየርና አዲስ ሽቦ መሳብ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዕቃ ምን ያህል ይቆጠባል የሚለው ይታይ።

ሂሳቡ ይኸው። አንድ ፎቅ 3.456 ኪሎዋት፣ በቀን 14 ሰዓት፣ 300 ቀን፤ በዓመት 14,515 ኪሎዋት ሰዓት። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለውን ብቻ ብታጠፋ 3,110 ይቀንሳል። ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ኮንታክተርና የሳምንት ፕሮግራም ያለው ታይመር ይበቃዋል። 12 ሰዓት ከመድረሱ 5 ደቂቃ በፊት አንዴ ብልጭ ብሎ ያስጠንቅቅ፤ ግድግዳ ላይ ያለው ፑሽ በተን ደግሞ ሲጫኑት ለ2 ሰዓት ብቻ ያራዝም። ማራዘሚያው እንደ ተራ ማብሪያ «በርቶ የሚቀር» ከሆነ የጽዳት ሠራተኛው አንዴ ይጫነዋል፣ መብራቱ እስከ ጠዋት ይነዳል። ጽዳቱም ሙሉ ቢሮ አብርቶ ከመሥራት አንዱን ክፍል ጨርሶ ወደ ሌላው ቢሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ብርሃኑ ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑን ለካ። ለማንበብና ለመጻፍ ቢሮ በኢኤን 12464-1 (የአውሮፓ የመብራት ደረጃ) መሠረት 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው የሚጠበቀው፤ መተላለፊያ 100። ማታ ለካ፣ የቀን ብርሃን እንዳይቀላቀል። ሉክስ ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፤ እጅህ ላይ ይዘህ አትለካ፣ የራስህ ጥላ ያርፍበታል። ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ ቅርብ ከቆምክም ቁጥሩን ከፍ ታደርገዋለህ። ከ9 ነጥብ ያላነሰ ወስደህ አማካዩን አውጣ። ከዚያ አንድ ፓነል አውርደህ ድራይቨሩ ጎን የከረንት መምረጫ ዲፕ ስዊች መኖሩን እይ። ካለ ያለ ምንም ቁጥጥር ሥርዓት ብርሃኑን መቀነስ ይቻላል።

ሦስተኛው ደግሞ መስመሩ ነው፣ እዚህ ላይ ነው እኔ ጊዜ የማጠፋው። ማብሪያዎቹ ቢሮውን ከመስኮት እስከ መስኮት በሦስት ቆራርጠውታል። በዚህ አከፋፈል የመስኮቱን ረድፍ ለብቻው ማጥፋት አይቻልም፤ ጸሐይ ጠረጴዛ ላይ ወጥታም መሃል ያለው ሰው ስለጨለመበት ሁሉም ይበራል። ረድፉ ከመስኮቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው መከፈል ያለበት። የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በግምት የመስኮቱ አናት ከወለሉ ያለውን ከፍታ ያህል ነው፤ አናቱ 2.6 ሜትር ላይ ከሆነ 2.6 ሜትር። ያ የእናንተ 1ኛና 6ኛ ረድፍ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ መስመር አድርጉ፤ 6 መስመር፣ በመስመር 16 ፓነል። 16 ሲሆን የብሬከሩ ጣጣም አብሮ ይቀላል። 1ኛና 6ኛን ግን በአንድ ሴንሰር አታጣምሯቸው፤ አንዱ የጠዋት ጸሐይ ሲያገኝ ሌላው የከሰዓቱን ነው።

መጸዳጃ ቤት ላይ ፒአይአርና አልትራሳውንድ የተጣመሩበትን ሴንሰር ግጠሙ፤ ፒአይአር ከክፍልፋዩ ጀርባ አያይም፣ አልትራሳውንድ ግን ከግድግዳ እየነጠረ ይደርሳል። የስብሰባ ክፍል ላይ ሰው ሲገባ በራሱ አይብራ፤ ሰው ያብራ፣ ሴንሰሩ ያጥፋ። ፕሮጀክተር በርቶ ሳለ አንድ ሰው ዘግይቶ ሲገባ መብራቱ ቦግ ማለቱ ያበቃል፤ በቀን ብርሃን የሚሰበሰቡም ጭራሽ አያበሩትም። ደረጃና መኪና ማቆሚያ ወደ ዜሮ አይውረዱ፤ ሰው ከሌለ ከ10 እስከ 20 ከመቶ፣ ሲመጣ 100። ለዚህ ውስጡ ሴንሰር ያለው ባለ ሁለት ደረጃ መብራት ይበቃል፣ ሽቦም አይጨምርም።


ፎቅ_6፦

በጣም አመሰግናለሁ። ፓነል ተፈቶ ታይቷል። ድራይቨሩ ዲፕ ስዊች አለው፦ 600፣ 700፣ 800፣ 900 ሚሊአምፔር፤ አሁን ሁሉም 900 ላይ ናቸው። የመደብዘዣ ሽቦ የለውም። ማታ በ12 ነጥብ ተለክቶ አማካዩ 640 ሉክስ ነው። ወደ 700 ብናወርደው 500 አካባቢ ይመጣል፣ ልክ ነኝ?

ሌላው ያልጠቀስኩት ደግሞ፣ ከ8 ፓነል አንዱ የባትሪ ኪት ያለው የአደጋ ጊዜ መብራት ነው። በሙከራው ፎቅ ላይ ሴንሰሩ ሲያጠፋ እነዚህ ፓነሎች ደብዘዝ ብለው በርተው ይቀራሉ። ይህ የተለመደ ነው?


ፌዝ_ኒውትራል፦

አይደለም፣ ይህ ይደር የሚባል አይደለም። ኪቱ ሁለት ፌዝ ያስፈልገዋል። አንደኛው በሴንሰሩ የሚያልፈው፣ ፓነሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ነው። ሁለተኛው ከዚያው ብሬከር በቀጥታ የሚመጣ፣ መቼም የማይቋረጥ ነው፤ ባትሪውን ይሞላል፣ «ኃይል አለ» የሚለውንም ለኪቱ ይነግራል። እናንተ ጋ ሁለቱንም ከሴንሰሩ መውጫ አጣምረዋቸዋል። ስለዚህ ሴንሰሩ ባጠፋ ቁጥር ኪቱ መብራት የሄደ መስሎት ወደ ባትሪ ይገባል። በቀን ብዙ ጊዜ እየተራገፈ ባትሪው ቶሎ ያረጃል፤ እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ባዶ ነው።

ቀጥታው ፌዝ ለምን ከዚያው ብሬከር ይሁን አልኩ? ከሌላ መስመር ከመጣ የዚያ ክፍል ብሬከር ብቻ ሲወርድ ክፍሉ ይጨልማል፣ ኪቱ ግን ኃይል እያየ ዝም ይላል።

ስታስተካክሉ እንዲህ ፈትሹት። ሴንሰሩ ሲያጠፋ ፓነሉ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፣ ትንሿ የቻርጅ ጠቋሚ መብራት ግን እንደበራች ትቆይ። ከዚያ ብሬከሩን አውርዱ፤ አሁን ፓነሉ በባትሪ መብራት አለበት። የማምለጫ መንገዱ መሃል መስመር ላይ በኢኤን 1838 መሠረት ከ1 ሉክስ፣ ክፍት ቦታ ላይ ከ0.5 ሉክስ ማነስ የለበትም። መስመሩን በረድፍ ስትከፍሉም ከፓነሎቹ ጋር ቀጥታው ፌዝ አብሮ መዛወሩን አትርሱ፤ ለመብራቱ አዲስ ብሬከር ይደረግና ቀጥታው በድሮው ይቀራል።


ሉክስ_ሜትር፦

ስለ ዲፑ፦ 640ን በ700/900 ብታበዛው 498 ይመጣል። ዛሬ ይበቃል፤ ግን 500 የሚባለው ሁልጊዜ ሳይወርድ መቆየት ያለበት እንጂ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አይደለም። ኤልኢዲው ሲያረጅና አቧራ ሲይዝ ከሥሩ ትገባለህ። 800 ላይ አድርገው፤ 569 ሉክስ ይሰጥሃል። ፓነሉ ከ36 ወደ 32 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ 4 ዋት በ96 ፓነል 384 ዋት ነው፣ በ4,200 ሰዓት 1,613 ኪሎዋት ሰዓት በፎቅ። ኮሪደሩን ለየብቻ ለኩት፣ እዚያ 600 ላይም ሊበቃ ይችላል። ዲፑን ስትነኩ ኃይሉ ይጥፋ፤ በርቶ ሳለ የሚቀይሩ ድራይቨር ያቃጥላሉ።

ሻጭ ሲያሰላላችሁ ግን ቁጠባዎቹን እየደመረ እንዳይሄድ። የሰዓቱ 3,110 እና የዲፑ 1,613 ሲደመሩ 4,723 ይላል። የምትቀንሱት ሦስት ሰዓት ግን አሁን በ36 ሳይሆን በ32 ዋት ነው፤ ትክክለኛው 4,378 ነው። የቀን ብርሃኑ ሲጨመርበት ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

የመስኮቱን ረድፍ በማብራት ማጥፋት ድራይቨር ስታደርጉት የማጥፊያውና የማብሪያው ቁጥር መራራቅ አለበት። የረድፉ መብራት ራሱ ጠረጴዛው ላይ 450 ሉክስ ይጨምራል እንበል። ከ500 በታች ሲሆን ይብራ ካላችሁ፣ ማጥፊያው ከ950 በላይ መሆን አለበት፤ 1,000 ወይም 1,100 አድርጉት። ማጥፊያውን 700 ላይ ብታደርጉት መብራቱ ይጠፋል፣ ብርሃኑ ወደ 250 ይወርዳል፣ መልሶ ይበራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሽኮረምም ይውላል። ለደመናም 10 ደቂቃ መዘግየት ስጡት። ሴንሰሩ ኮርኒስ ላይ ሆኖ ወደ ታች ይመልከት እንጂ መስኮቱን ቀጥታ አይይ። የሚያነበው ጠረጴዛውን ሳይሆን ከጠረጴዛው የሚመለሰውን ስለሆነ፣ ሉክስ ሜትር ከሥሩ አስቀምጣችሁ የሁለቱን ንባብ አወዳድሩና ቁጥሩን በዚያ አስተካክሉ፤ ጥቁር ጠረጴዛ በነጭ ሲቀየርም እንደገና።


ዳሊ_ባስ፦

ይሄው፣ እኔ የምለው እዚህ ላይ ይመጣል። ዲፑ አንድ ጊዜ ነው። ዳሊ ቢሆን ዛሬ 78 ከመቶ ላይ አስቀምጠህ በየዓመቱ በትንሹ ትጨምራለህ፤ ኮርኒስ ሳትነካ። የመስኮቱ ረድፍም ከመጥፋት ይልቅ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ሠራተኛ አያጉረመርምም። በማብራት ማጥፋት የሚሠራ የቀን ብርሃን ቁጥጥር ብዙ ቦታ ዕጣው ይታወቃል፤ አንድ ሰው ሴንሰሩ ላይ ወረቀት ይለጥፍበታል።


ሉክስ_ሜትር፦

ለመስኮቱ ረድፍ እስማማለሁ፤ በፎቅ 32 ድራይቨር ነው፣ 96 አይደለም። ለመሃሉ 64 ግን አልስማማም። ደግሞ የተኛ ድራይቨር የሚበላውን አልጠቀስክም። ዳሊ ድራይቨር ጠፍቶም ትዕዛዝ እየጠበቀ ነው፤ የአውሮፓ ደንብ 0.5 ዋት ድረስ ይፈቅድለታል። 0.3 ብለን ብናስብ 576 ድራይቨር 173 ዋት ገደማ፣ ታይመሩ ከገባ በኋላ መብራቱ በሚጠፋባቸው 5,460 ሰዓታት 940 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።


ዳሊ_ባስ፦

ማታ ኮንታክተር ይቆርጠዋላ።


ፌዝ_ኒውትራል፦

ያኔ የመነሻ ከረንቱ ጠዋት ጠዋት ይመለሳል። ይቻላል፣ ግን ኮንታክተሮቹን አንድ ላይ አትዝጉ፤ በመካከላቸው ግማሽ ሰከንድ ያህል ክፍተት ይኑር። የአደጋ ኪቶቹም ቀጥታ ፌዝ ከኮንታክተሩ በፊት ይነሳ፣ ካልሆነ በየማታው ባትሪ ላይ ናቸው።


ዳሊ_ባስ፦

ትክክል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ዳሊ ድራይቨር ሳይቀየር ከመጣ በ254፣ ማለትም ሙሉ ብርሃን ነው የሚነሳው። ሌሊት መብራት ሄዶ ቢመጣ ህንጻው ሙሉ በርቶ ያድራል። «የኃይል መመለሻ ደረጃ» የሚለውን 0 አድርጉት። ባሱ ሲበላሽ የሚሄድበት ደረጃ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱ 254 እንደሆነ ይቅር፣ መስመሩ ሲቆረጥ ሰው ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር።


ፎቅ_6፦

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የአደጋ መብራቱ ሽቦ፣ ከዚያ መስመሩን በረድፍ መክፈል፣ ዲፕ 800፣ ታይመር፣ ለመስኮቱ 32 ድራይቨር ዳሊ። መሃል ላይ ሴንሰር በትንሹ ክብ ተቆጥሮ ከኮንታክተር ጋር። ተቋራጩን ሲያስረክብ ምን ልጠይቀው?


ዳሊ_ባስ፦

በፎቅ 32 ከሆነ አንድ የዳሊ መስመር ይበቃሃል፤ ሁለቱን ጎን ለሁለት ግሩፕ ለየው። የመስመር ክፍፍሉንና ዲፑን በአንድ መሰላል መውጣት ጨርሱት፣ ኮርኒሱ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈት።

ሲያስረክብ የአድራሻ ዝርዝር ከወለል ፕላኑ ጋር ይስጥህ፤ የትኛው ፓነል አድራሻ 17 እንደሆነ ፓነሉ ጀርባም ላይ ይጻፍ። የእያንዳንዱ ሴንሰር መዘግየት፣ የማየት ርቀትና የሉክስ ቁጥር በአንድ ገጽ ይመዝገብ። ከሁሉም በላይ የማዋቀሪያ ሶፍትዌሩን የፕሮጀክት ፋይልና የይለፍ ቃሉን ተቀበል። ፋይሉ ከሌለ አንድ ድራይቨር ሲቃጠል አዲሱን ለመተካት ሌላ ተቋራጭ መስመሩን ከዜሮ አድራሻ ሊሰጠው ይገደዳል፤ ግሩፑም ሲኑም አብሮ ይጠፋል። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈረምህ በፊት አንድ ድራይቨር በፊትህ ነቅሎ በመለዋወጫ ይተካ፤ አዲሱ የድሮውን አድራሻና ግሩፕ ይዞ ከተነሳ ፋይሉ ይሠራል ማለት ነው።